«ጤና ይስጥልኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በየዕለቱ ደጋግመን የምንናገራቸው ቃላት ብዙውን ጊዜ ትርጉማቸውን ሳናስተውል የምናልፋቸው ናቸው። ከእነዚህም አንዱ «ጤና» የሚለው ቃል ነው። ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ በገበያ ሻጭ ከገዥው፣ በዘብ መለዋወጫ ሰዓት ወታደር ከወታደሩ ጋር «ጤና ይስጥልኝ» ይባባላል። ደብዳቤም የሚጀመረው «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» በሚለው የተለመደ አንቀጽ ነው። ጠያቂው መልሱን ሳይጠብቅ፣ ተጠያቂውም ጥያቄውን ሳይመረምር ሁለቱም ወደየጉዳያቸው ያመራሉ።

ይህ ጽሑፍ ቃሉ ከየት እንደመጣና በምን በምን ትርጉም እንደሚያገለግል ይመረምራል። በተለይም በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ፣ ከገዳሪፍ እስከ መተማና ሑመራ በተዘረጋው ቆላ፣ ይህን ቃል በልማድ ብቻ መናገር ያስከፈለውን ዋጋ ለማሳየት ይሞክራል።

ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ሰው

ከገዳሪፍ የተመለሰ አንድ የበለሳ ተወላጅ የሚከተለውን አጫውቶኛል። ወጣቱ በግንቦት ወር ለምንጣሮ ሥራ ተቀጥሮ ድንበር ተሻገረ። ክረምቱን በሰሊጥ አረም፣ መስከረምንና ጥቅምትን በአጨዳ አሳለፈ። ሌሊት እንደ ሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ከዛፍ ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ጆንያ አንጥፎ ይተኛ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ትኩሳት ጀመረው። «መቼም ንዳድ ነው» ብሎ የወባ ክኒን ገዝቶ ዋጠ። ትኩሳቱ ግን ይሄድና ይመለሳል። ሰውነቱ እየከሳ፣ ጉልበቱ እየዛለ ሄደ።

ሁለት ወር ሙሉ «እንደምን ነህ?» ላለው ሁሉ መልሱ «ደኅና ነኝ» ነበር። ታመምኩ ያለ የቀን ሠራተኛ በማግሥቱ በሌላ ይተካል። ከዚህም በላይ በባዕድ አገር ሕመሙን የሚያወራ ሰው ጓደኞቹን የሚያሳስብ እንጂ የሚጠቀም መስሎ አልታየውም።

አንድ ቀን በገዳሪፍ ገበያ ቡና እያፈሉ ወደሚሸጡ አንዲት ያገሩ ባልቴት ጎራ አለ።

«ጤና ነህ ወይ ልጄ?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እማማ» አለ።

ባልቴቷ ቡናውን ቀድተው ሲሰጡት ሲኒው በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አዩ። ረከቦታቸው ላይ እጃቸውን አሳርፈው እንደገና ጠየቁት።

«እሱንስ ለእግዜር ነገርከው፤ አሁን ደግሞ ለእኔ ንገረኝ። ጤና ነህ ወይ?»

ወጣቱ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ በግራ ጎኑ በኩል ያበጠውን ሆዱን አሳያቸው። ባልቴቷ ጀበናቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ወደ ሐኪም ወሰዱት። ሕመሙ ካላ አዛር የሚባለው በሽታ ሆኖ ተገኘ። 17 ቀን በየዕለቱ መርፌ ተወግቶ ዳነ። «እኔን ያተረፈኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው» ሲል ጨዋታውን ደመደመ።

የቃሉ ሥር

አማርኛው «ጤና» ጥንተ ነገሩ ግእዝ ነው። በግእዝ «ጥዕየ» ማለት ዳነ፣ ከደዌው ተነሣ፣ ብርታት አገኘ ማለት ሲሆን ስሙ «ጥዒና» ይባላል። ትግርኛ «ጥዕና» በማለት የጉሮሮውን ድምፅ እንደያዘ አቆይቶታል። አማርኛ ግን ያን ድምፅ አስቀርቶ «ጤና» ሲል አሳጥሮታል።

ከዚህ ቃል ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ሆኖም ከእርሱ የሚለይ ሌላ ቃል አለ። ይኸውም «ደኅና» ነው። የዚህ ሥሩ «ድኅነ» ሲሆን ከአደጋ አመለጠ፣ ተረፈ ማለት ነው። «ድኅነት» እና «መድኃኒት» የሚሉትም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ በጥንታዊ ትርጉሙ ካየነው «ደኅና ነኝ» የሚል ሰው «ተርፌያለሁ» ማለቱ ነው። «ጤና ነኝ» የሚለው ግን ከመትረፍ የበለጠ ነገር ይናገራል፤ አካሌ ሙሉ ነው፣ ሥራዬን ለመሥራት እችላለሁ ማለቱ ነው። ግዳጅ ላይ የቆየ ወታደር ይህን ልዩነት ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ከተኩስ ተርፎ በንዳድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደኅና ቢባልም ጤና አይደለም።

«ይስጥልኝ» የሚለውንም እንመርምር። ሰጪው በስም አልተጠራም፤ እግዚአብሔር መሆኑ ግን የታወቀ ነው። «ልኝ» የሚለው ቅጥያ «በእኔ ፈንታ፣ ስለ እኔ ሆኖ» የሚል ትርጉም አለው። ስለዚህ «ጤና ይስጥልኝ» የሚል ሰው «ጤናን ከራሴ አውጥቼ ልሰጥህ አልችልም፤ የሚችለው እርሱ እኔን ተክቶ ይስጥህ» ማለቱ ነው። የመልሱም ውበት ከዚህ አያንስም። «አብሮ ይስጥልን» ይባላል። ተመራቂው ምርቃቱን ለብቻው አይወስደውም፤ ለጠያቂውም ያካፍለዋል። አባቶቻችን ጤናን የአንድ ሰው የግል ንብረት አድርገው እንዳልቆጠሩት ከዚህ አጭር ሰላምታ መረዳት ይቻላል።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። የገዳሪፍ ሰው አንድ ሠራተኛ ሲለፋ ባየ ጊዜ «አላህ ያዲክ አል-ዓፍያ» ይለዋል። ትርጉሙ አላህ ጤናና ብርታት ይስጥህ ማለት ስለሆነ ከእኛው ሰላምታ ጋር ወንድማማች ነው። ሩሲያውያን ሲገናኙ «ዝድራስትቩይትዬ» ሲሉ ጤናማ ሁኑ ማለታቸው ነው። በጥንታውያን ሮማውያን ቋንቋ ደግሞ «ሳሉስ» ማለት ጤናና ደኅንነት ማለት ነበር። አውሮፓውያን ለወታደራዊ ሰላምታ የሚጠቀሙበት «ሳሉት» የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ ወታደር እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ ለአለቃው ሰላምታ ሲሰጥ፣ አለቃውም ሲመልስ፣ በቃሉ ጥንተ ትርጉም እርስ በርስ ጤናን እየተመኙ ናቸው ማለት ነው።

ቃሉ በዕለት ኑሮ

«ጤና» በአማርኛ የአካልን ሁኔታ ብቻ አያመለክትም። በሌሊት በር የሚያንኳኳ እንግዳ አስቀድሞ የሚጠየቀው «በጤና ነው?» ተብሎ ነው። ይህም አደጋ ደርሷል ወይ፣ የሞተ ሰው አለ ወይ ማለት ነው። ልጅ ሲያስቸግር እናት «ጤና ነሣኝ» ትላለች፤ ዕረፍት አሳጣኝ፣ ሰላሜን ወሰደ ማለቷ ነው። ያልተለመደ ነገር የሚያደርገውን ሰው «በጤናው አይደለም» እንለዋለን፤ አእምሮው ታውኳል ወይም በልቡ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። በግብዣ ላይ ብርጭቆ ሲነሣ «ለጤናችን» ይባላል፤ ለጤናዬ ብሎ ብቻውን የሚጠጣ የለም። የቤት እመቤት በጓሮዋ የምትተክለው፣ በቡናና በበርበሬ የምትጨምረው መልካም መዓዛ ያለው ቅጠል «ጤና አዳም» ይባላል። የአዳም ጤና ማለት የሰው ልጅ ሁሉ ጤና ማለት ነው።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችም በቃሉ ተጠቅመውበታል። «ጤና ጥበቃ» በሚለው ስያሜ ውስጥ ያለው «ጥበቃ» ከዘብ ቋንቋ የተወሰደ ይመስላል። ጤና እንደ ምሽግ የሚጠበቅ ነገር መሆኑን ያስታውሳል። ለጠረፍ ነዋሪ ከሁሉ የሚቀርበው ግን «ጤና ኬላ» የሚለው ነው። ኬላ ምን እንደሆነ መተማና ሑመራ ላይ የኖረ ሰው ያውቃል፤ የሚገባውና የሚወጣው የሚፈተሽበት በር ነው። ጤና ኬላም የሚፈትሸው ጭነትን ሳይሆን በሽታን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሥረቻ ሰነድ ሐምሌ 15 ቀን 1938 ዓ.ም. በኒውዮርክ ተፈርሞ መጋቢት 29 ቀን 1940 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ሰነዱ ጤናን ሲተረጉም የበሽታ አለመኖር ብቻ አይደለም፤ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደኅንነት ነው ይላል። ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ይህ ትርጉም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም። «በጤና ነው?» ስንል ስለ አካል፣ ስለ ልብና ስለ ቤተሰብ በአንድ ቃል መጠየቃችን ነውና።

ጥቁር አፈርና ጥቁር ሕመም

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አሁን ወደ ምድሩ እንመለስ። ጓንግና አንገረብ ከእኛ ደጋ ወርደው በሱዳን አትባራ በሚባለው ወንዝ ይገናኛሉ። ተከዜም ሰቲት ተብሎ ወደዚያው ይፈሳል። በእነዚህ ወንዞች ዙሪያ ያለው ሜዳ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያጣብቅ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት ቀለብ የሚሆን ማሽላ ለማምረት በገዳሪፍ አካባቢ፣ በገዳምባሊያ የትራክተር እርሻ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ሄዶ ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ሆነች። በእኛም በኩል ሑመራና መተማ እንዲሁ ሆኑ። በየዓመቱ ከደጋው እጅግ ብዙ ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል።

በዚህ አፈር ስንጥቅና ሱዳኖች «ታልህ» እና «ሄግሊግ» በሚሏቸው ዛፎች ሥር አንዲት ጥቃቅን ነፍሳት ትኖራለች። የአሸዋ ዝንብ ትባላለች። ከወባ ትንኝ በእጅጉ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ አታሰማም። በሌሊት ስትነክስ ካላ አዛርን የሚያመጣውን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ታስገባለች። ስሙ ከሕንድ የመጣ ሲሆን ጥቁር ሕመም ማለት ነው። ተውሳኩ የታወቀው በአንድ ወታደር ሬሳ ላይ ነበር። ሊሽማን የተባለው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በ1893 ዓ.ም. በሕንድ አገር ዱምዱም ታሞ ከሞተ ወታደር ጣፊያ ላይ አገኘው።

በሽታው ቶሎ አይገለጥም። ከተነከሰበት ቀን አንሥቶ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ከዚያም የማይለቅ ትኩሳት፣ መክሳት፣ የደም ማነስ፣ የጣፊያ ማበጥ ይከተላል። ካልታከመ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል። በጊዜው ከተደረሰበት ግን ይድናል። ቀድሞ 30 ቀን የሚፈጀው የመርፌ ሕክምና፣ በ2002 ዓ.ም. ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ለምሥራቅ አፍሪካ ከተመከረ ወዲህ ወደ 17 ቀን አጥሯል። በ1991 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል በገዳሪፍ መንደሮች በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ አጎበር በብዛት ሲታደል የበሽተኞች ቁጥር መቀነሱም ታይቷል።

እንግዲህ መድኃኒቱ አለ፤ መከላከያውም አለ። የጎደለው ብዙ ጊዜ እውነተኛ መልስ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው በዚያ ደጋ ሰዎች በትኩሳት መሞት ጀመሩ። አስቀድሞ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነበር። በምርመራ ሲረጋገጥ ካላ አዛር ሆነ። በሽታው ወደዚያ የደረሰው ከቆላው እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። «ደኅና ነኝ» ብሎ አገሩ የሚገባ ሰው ሳያውቀው ለመንደሩ ምን ይዞ እንደሚመለስ ከዚህ መገመት ይቻላል። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ሁለተኛ ጊዜ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ኡም ራኩባ

ከገዳሪፍ በስተደቡብ ምሥራቅ ኡም ራኩባ የሚባል ሥፍራ አለ። «ራኩባ» ማለት ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። በ1977 ዓ.ም. በረሐብና በጦርነት ምክንያት ከሰሜን ኢትዮጵያ የወጣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በኡም ራኩባ፣ በወድ ኮውሊና በሌሎችም መጠለያዎች ሰፈረ። ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ መንገድ መጥተው በኅዳርና በታኅሣሥ ወር በሺህ የሚቆጠሩት በድብቅ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በጉዞውና በመጠለያው ውስጥ ያለቁት ግን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል።

በእነዚያ መጠለያዎች ሕፃናትን በብዛት የፈጀው ስሙ የማይታወቅ መቅሠፍት አልነበረም። ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ነበሩ። በምግብ እጦት የደከመ አካል፣ የተፋፈገ ዳስ፣ ያልተከተቡ ሕፃናት አንድ ላይ ሲገናኙ በየቤቱ የሚታወቅ ሕመም ወረርሽኝ ይሆናል። እናቶች ልጆቻቸው መታመማቸው እንዳይታወቅባቸው ይሠጉ የነበረው ሕክምናን ጠልተው አልነበረም፤ ከቤተሰብ መለየትን ፈርተው እንጂ። ሕሙማንን በየዳሱ እየዞሩ መፈለግ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። በር ላይ ቆሞ «ጤና ናችሁ?» የሚል ሰው «አዎ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ጎንበስ ብሎ ገብቶ ሕፃኑን የሚያይ ሰው ግን ሕይወት ያድናል።

ታሪክ ወደዚያው ሥፍራ ተመልሷል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ ወገኖች ሲጎርፉ ኡም ራኩባ እንደገና የስደተኛ መጠለያ ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ፊቱን አዞረ። ሱዳናውያን ከጋላባት ተነሥተው ድንበሩን ለይቶ የሚያልፈውን ሸለቆ እየተሻገሩ ወደ መተማ ገቡ። ትናንት ተቀባይ የነበረው ዛሬ ተቀባይ ፈላጊ ሆነ። «አብሮ ይስጥልን» የሚለው መልስ ለጠረፍ ሕዝብ የመልካም ጠባይ ምልክት ብቻ ሳይሆን የኑሮ ሕግ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ስም መለወጥ በሽታን አይለውጥም

ስለ ቃላት ስንነጋገር አንድ ሌላ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በሽታ በስሙ ካልተጠራ አይገታም። በእኛም ሆነ በሱዳን ኮሌራ የሚለው ስም ገበያን ይዘጋል፣ መንገደኛን ያስቀራል እየተባለ በሌላ ስም መጥራት የተለመደባቸው ዓመታት ነበሩ። በእኛ አገር «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ከሚለው «አተት» የሚል አኅጽሮት ወጣ። ስሙ ለስለስ ቢልም በሽታው አልለሰለሰም። ኮሌራ የያዘው ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሰውነቱ ፈሳሽ ተሟጦ ሊሞት ይችላል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በገዳሪፍ ግዛት ወረርሽኙ ኮሌራ መሆኑ በይፋ ተገለጸ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ ከጦርነት የሸሹ ተፈናቃዮችን በትምህርት ቤቶች ሳይቀር አስጠግታ ነበር።

ኮሌራን ለመቋቋም የሚያስፈልገው መሣሪያ ከባድ አይደለም። በ1963 ዓ.ም. ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ጠረፍ በኮሌራ ሲያልቁ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስላለቀበት ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በአፍ ማጠጣት ጀመረ። ከ100 ሕሙማን 30 ያህል ይሞቱበት የነበረው ሥፍራ ሟቹ ከ4 በታች ወረደ። ይኸው ድብልቅ ዛሬም በማንኛውም ቤት ሊዘጋጅ ይችላል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማለት ነው። ይህን ለሕሙሙ እያጠጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቤተሰቡ «በቤታችን ተቅማጥ ገብቷል» ብሎ ለመናገር ሲደፍር ነው።

ጤናና ወታደር

ለሠራዊት አባል ይህ ነገር ድርብ ክብደት አለው። መተማ ለኢትዮጵያዊ የታሪክ ሥፍራ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚያ ነው። በዚያው ጠረፍ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም 10ኛውን የሕንድ ብርጌድ አሰልፎ ጣሊያኖች ይዘውት የነበረውን ጋላባትን አጠቃ። ምሽጉን ያዘ፤ መተማን ግን ለመያዝ ሳይችል ቀረ።

ይኸው መኰንን በኋላ በበርማ ግንባር የጦር አዛዥ ሆነ። ሠራዊቱን ሲረከብ በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. መካከል ለአንድ ቁስለኛ 120 ሕሙማን ከግንባር እየወጡ መሆናቸውን ተገነዘበ። ጠላት ከሚጥልበት ወታደር ይልቅ ትንኝ የምትጥልበት በዛ። ስለዚህ እያንዳንዱ ወታደር ሜፓክሪን የተባለውን የወባ ክኒን በየቀኑ መዋጡ በድንገተኛ ፍተሻ እንዲረጋገጥ አደረገ። ከ100 ቢያንስ 95 ካልዋጡ ከኃላፊነት የሚነሣው ወታደሩ ሳይሆን አዛዡ ሆነ። ሦስት አዛዦች ከተሻሩ በኋላ ሌሎቹ ነገሩ የምር መሆኑ ገባቸው። ስሊም ያስተማረው ትምህርት ግልጽ ነው። የወታደር ጤና የሐኪም ሥራ ብቻ ሳይሆን የአዛዥም ሥራ ነው።

እኔም በአንድ የቆላ ምድብ ሳለሁ የተማርኩት ነገር አለ። በጠዋት ሰልፍ «በሽተኛ ካለ አንድ እርምጃ ወደ ፊት!» ይባል ነበር። አንድ ቀን የሚወጣ አልነበረም። በዚያው ሌሊት አንድ ወጣት ወታደር በትኩሳት ራሱን ሳተ። ስምንት ጓደኞቹ እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው በጨለማ ሰዓታት ተጉዘው ከሐኪም አደረሱት። ዳነ። ሲሻለው ለምን በሰልፍ ላይ እንዳልተናገረ ጠየቅሁት።

«መቶ አለቃ፣ ጓደኞቼ ከሥራ ሊሸሽ ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው» አለኝ።

የልጁን መልስ ሳሰላስል ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ ልጥለው አልቻልኩም። በሰልፍ ፊት በጩኸት የተጠየቀ ሰው እንደምን እውነቱን ይናገራል? ከዚያ ወዲህ በየመኝታው ሥፍራ እየዞርኩ፣ ስም ጠርቼ፣ ዓይን ዓይን እያየሁ መጠየቅ ጀመርኩ። መልሱ ተለወጠ። የአንድ ሰው ዝምታ ስምንት ሰዎችን ከጥበቃ ቦታቸው እንዳነሣም ሁሉም ተረዱት። ሕመሙን የሚናገር ወታደር ሰነፍ ሳይሆን ጓዶቹን ከሸክም የሚያድን መሆኑ በዚያ ምድብ የታወቀ ነገር ሆነ።

ጥያቄውን ወደ ጥያቄነቱ እንመልሰው

ሕዝባችን ሰላምታ ሲለዋወጥ ደጋግሞ መጠየቁን አንዳንዶች ጊዜ እንደማባከን ይቆጥሩታል። «እንደምን ነህ? ደኅና ነህ ወይ? ጤና ነህ ወይ? ልጆችህስ? ከብቶችህስ?» እየተባለ ይቀጥላል። በእኔ አስተያየት ግን በዚህ ልማድ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ። የመጀመሪያው መልስ የልማድ ነው፤ የፈጣሪ ምስጋና ነው። እውነተኛው መልስ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ይመጣል። የገዳሪፏ ባልቴት ያደረጉት አዲስ ነገር የለም፤ የአገራቸውን ሰላምታ እንደሚገባው ተጠቀሙበት እንጂ።

ስለዚህ ለሠራዊቱም ለከተማውም ነዋሪ የምለው አጭር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ጤና ይስጥልኝ» ስንል ቆም ብለን የሰውየውን ፊት እንመልከት። ከቆላ እርሻ የተመለሰ ዘመድ ካለን ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት እንዳለበት፣ ግራ ጎኑ እንዳበጠ እንጠይቀው። የወባ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው ወደ ሐኪም እንሸኘው። ልጆቻችን ክትባታቸውን መጨረሳቸውን እናረጋግጥ። የምንጠየቀው እኛ ስንሆንም ከምስጋናው ቀጥሎ እውነቱን እንናገር። እግዚአብሔርን ማመስገንና «አሞኛል» ማለት አይጋጩም።

ያ የበለሳ ሰው አሁን በየዓመቱ በግንቦት ከመንደሩ ወደ ቆላ የሚወርዱትን ወጣቶች አጎበር ይዘው እንዲሄዱ ይመክራል። በታኅሣሥ ሲመለሱም መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል። «ጤና ናችሁ?» ይላቸዋል። «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉታል። እርሱም አብሯቸው ያመሰግንና አጠገባቸው ተቀምጦ እንደገና ይጠይቃቸዋል።